ጠብ ሲል ከመድፈን ይልቅ

ኢየሩሳሌምን ከደብረ ዘይት አናት ላይ ሆኖ ለሚመለከታት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የጣራዋ ብዛት ነው። የጥንቶቹ ቤቶች የተሠሩት የግንባታ እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ስለሆነ ብዙዎቹ በድንጋይ ጉልላት የተከደኑ ናቸው። በኋላ ዘመን የተሠሩት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፍጣፋ የአርማታ ጣራ አላቸው። በእነዚህ ጣራዎች ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ይቆማል፣ የውኃ ታንከር ይቀመጣል፣ ልብስ ይሰጣል፤ በበጋ ምሽትም ሰው ነፋስ ለመቀበል ይወጣባቸዋል።

በአገራችን ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴን እናስባለን። እዚህ ግን ዝናቡ የሚመጣው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ጀምሮ ሲሆን፣ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ይበረታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ሰማዩ ደረቅ ነው። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 550 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ለንደን ከምታገኘው ብዙ አያንስም። ልዩነቱ ለንደን ዓመቱን ሙሉ ሲያካፋ የሚከርመው ውኃ እዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ መውረዱ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ጣራ ግማሹን ዓመት ደህና መስሎ ይቆያል። ችግሩ የሚታወቀው ጣራውን ለማድረቅም ሆነ ለመሥራት በማይቻልበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀረው ዘዴ ጠብ ሲል መድፈን ብቻ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ በአዲሱ ከተማ የምንኖርበትን ቤት ጣራ በፋይበርግላስ ስናሠራ የተማርነውን ነው። የምንጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ወጪው የተሸፈነው በእናንተ በተሳላሚዎቻችን ስጦታ ስለሆነ እንዴት እንደዋለ ልንነግራችሁ ስለሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ ከእናንተ ብዙዎች በአዲስ አበባ፣ በለንደን፣ በዋሽንግተን ወይም በዚሁ አገር ቤት የሠራችሁ ወይም ለመሥራት የምታስቡ ስለሆናችሁ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ለይተን እንናገር። የምንጽፈው ስለ መኖሪያ ቤት ጣራ ብቻ ነው። በቅዱሳት መካናት የጣራ እድሳት በገንዘብና በባለሙያ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በ1852 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው የሱልጣኑ ፈርማን በጸናው የነባር ይዞታ ሥርዓት መሠረት አንድን ጣራ ወይም ወለል የማደስ መብት የባለቤትነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ዴር ሱልጣን ራሱ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ ያለ ገዳም እንደ መሆኑ፣ በዚያ አንዲት ድንጋይ ማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ነው። የእኛ ጉዳይ ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው።

የምንኖርበት ቤት ሁለት ጣራ አለው። ዋናው ቤት በአርማታ ሶሌታ የተከደነ ነው። ከጓሮው በኩል በኋላ ዘመን የተጨመረው ክፍል ግን 4 ሜትር በ6 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር የሆነ፣ በእንጨት ወራጅና በጣውላ የተሠራ ጠፍጣፋ ጣራ ነው። በዚህ ክፍል ሦስት አረጋውያን እማሆዮች ያድራሉ። ዋናው ቤት ደረጃ ስላለውና እነርሱ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ሌላ የሚሄዱበት ክፍል የለም። ከዚህ በፊት አንድ ሠራተኛ በእርጥብ ጣውላ ላይ የሬንጅ ጥቅል አንጥፎበት ነበር። ውኃው ከሥር ታፍኖ ጣውላውን አበሰበሰው። ባለፉት ሁለት ክረምቶች የእማሆዮቹ አልጋ ሦስት ጊዜ ከቦታው ተነሥቷል፤ ሌሊት ሌሊት ባልዲ የሚቀይር ዲያቆን ተመድቦ ነበር።

በእጃችን የነበረው ገንዘብ ለፋሲካ እንግዶች ፍራሽና ብርድ ልብስ ለመግዛት የተቀመጠ ነበር። ከመካከላችን አንዳንዶች ለጣራው እንደ ቀድሞው ጥቂት ሬንጅ ቀብተን የእንግዳውን ገንዘብ አንንካ አሉ። ሰጪው ለዚህ ብሎ የሰጠውን ለሌላ ማዋል አይገባም የሚለው ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። ሌሎች ደግሞ እንግዳው በአሮጌ ፍራሽ ሁለት ሳምንት ቢያድር አይጎዳም፤ እማሆዮቹ ግን አምስት ወር ከነጠብጣቡ ጋር ይከርማሉ አሉ። በመጨረሻ ለሰጪዎቹ ደብዳቤ ጻፍንና ፈቃዳቸውን ጠየቅን። የጠየቅናቸው ሁሉ ፈቀዱ። ከሰጪዎቹ አንዱ በለንደን በጣራ ሥራ የሚተዳደር ወንድማችን ነበር። እርሱ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ጨምሮ ሰጠን። በፋሲካ መጥቶ ጣራውን አየልን፤ በመስከረም ደግሞ ዕረፍቱን ወስዶ መጥቶ ሠራልን።

ፋይበርግላስ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው በውኃ ታንከርና በጀልባ ነው። በብሪታንያ ግን ለመኖሪያ ቤት ጠፍጣፋ ጣራ፣ ለጋራዥና ለተጨማሪ ክፍል ክዳን ከተለመዱት ሥራዎች አንዱ ነው። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ከመስታወት ክር የተሠራ ምንጣፍ የመሰለ ነገር በደረቅ ጣውላ ላይ ይነጠፋል፤ ፈሳሽ የፖሊስተር ሙጫ ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ በሩሎ እየተገፋ ክሩን እንዲያርሰው ይደረጋል። ሙጫው ሲጠነክር ክሩን በውስጡ ይዞ አንድ ወጥ ንጣፍ ይሆናል። በላዩ ቀለም ያለው የመጨረሻ ቅብ ይደረብለታል። ዋናው ጥቅሙ መገጣጠሚያ የሌለው መሆኑ ነው። የሬንጅ ጥቅል ሲያፈስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጥቅልና ጥቅል ከሚጋጠሙበት ቦታ ነውና።

ሁለተኛው ጥቅሙ ክብደቱ ነው። ለ24 ካሬ ሜትራችን የዋለው ክር፣ ሙጫና ቅብ ተደምሮ ወደ 60 ኪሎ ግራም ነው፤ በካሬ ሜትር ሲካፈል 2 ኪሎ ተኩል ብቻ ይሆናል። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በካሬ ሜትር 24 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለአሮጌ ወራጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሁን እንጂ ፋይበርግላስ ለሁሉም ጣራ መድኃኒት አይደለም። ወንድማችን በፋሲካ ሲመጣ ሁለቱንም ጣራ በፋይበርግላስ እንዲሸፍንልን ጠይቀነው ነበር፤ የአርማታውን ግን አልተቀበለም። አርማታ በሆዱ እርጥበት ይይዛል። ፀሐይ ስትመታው እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከላይ ያለውን ንጣፍ ያሳብጠዋል። ሰፊ ጣራ ደግሞ በቀን ሙቀትና በሌሊት ቅዝቃዜ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ፣ መላወሻ ክፍተት ካልተተወለት ደረቁ ፋይበርግላስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የአርማታውን ጣራ በዚህ አገር እንደተለመደው በእሳት በሚለጠፍ የሬንጅ ጥቅል በሌላ ባለሙያ አሠራንና ፀሐይን እንዲመልስ ነጭ ቀለም አስቀባነው። የእንጨቱን ብቻ በፋይበርግላስ ሠራን።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ብዙ ሰው በካሬ ሜትር ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ወንድማችን በሚሠራበት አካባቢ ለንጣፉ ሥራ በካሬ ሜትር 100 ፓውንድ ገደማ እንደሚጠየቅ፣ አሮጌውን ማንሣት፣ አዲስ ጣውላ፣ ሙቀት መከላከያና መወጣጫ ሲጨመሩ ግን ከዚያ ብዙ እንደሚያልፍ ነግሮናል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። እኛ ጉልበቱን በነጻ ስላገኘን የእኛን ወጪ ለናንተ እንደ ዋጋ ብንጠቅስ እናሳስታችኋለን። ይልቁንም በየትኛውም አገር በገበያው ዋጋ አባዝታችሁ እንድታሰሉት መጠኑን እንስጣችሁ።

ለአንድ ካሬ ሜትር 450 ግራም ክር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክር 1 ኪሎ ተኩል ያህል ሙጫ፣ ለመጨረሻው ቅብ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል። ስለዚህ ለ24 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ከ800 ግራም ክር፣ 36 ኪሎ ሙጫና 12 ኪሎ ቅብ ይሆናል። ለጠርዝ፣ ለመገጣጠሚያና ለብክነት ከመቶ ዐሥር ያህል ይጨመርበታል። ሰው በብዛት የሚመላለስበት ጣራ ከሆነ 600 ግራሙ ክር ይመረጣል፤ ያ በካሬ ሜትር ወደ 2 ኪሎ ሙጫ ይጠጣል። ከዚህ ሌላ ከሥር የሚነጠፈው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ፣ የጠርዝ መሸፈኛ፣ መሣሪያ ማጠቢያ አሴቶን፣ ሩሎ፣ ቡርሽ፣ ጓንትና መነጽር አለ። ብዙዎች የሚረሱት አሮጌውን ንጣፍ አውርዶ የመጣያውን ዋጋ ነው። ጠባብ መንገድ ባለበት ሠፈር ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በእኛም ዘንድ የበሰበሰው ጣውላ በሰው ጀርባ እስከ ዋናው መንገድ ተወስዷል።

ውድና ርካሽ የሚለየውም በመጀመሪያው ቀን ክፍያ አይደለም። አንድ ሥራ 300 ቢያስወጣና 5 ዓመት ቢቆይ በዓመት 60 አስወጣ ማለት ነው። ሌላው 1,000 አስወጥቶ 20 ዓመት ቢቆይ በዓመት 50 ይሆናል። በዚህ ላይ በየጊዜው የሚበላሸው አልጋ፣ የሚሻግተው መጽሐፍና የአረጋውያኑ ሕመም ሲታሰብ ልዩነቱ ይሰፋል። ፋይበርግላስን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ በዋስትና የሚሸጡ አምራቾች አሉ። ግን ልብ በሉ፤ የአምራቹ ዋስትና ለዕቃው ነው። ሠራተኛው በእርጥብ ጣውላ ላይ ቢያነጥፈው ያ ወረቀት አይረዳም። የዕቃውና የሥራው ዋስትና ለየብቻ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ስለ ሥራው ቀን ጥቂት እንበል። የመረጥነው ከመስቀል በዓል በኋላ ያለውን ሳምንት ነበር። የበጋው ግለት በርዶ ዝናቡ ገና አልጀመረም። ሙጫው ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ በወጉ አይጠነክርም፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ከባልዲው ሳይወጣ ይረጋል። የማድረቂያው መጠን የሚወሰነውም በዚህ ነው። እንደ አየሩ ሁኔታ ከሙጫው ክብደት ከመቶ ከ1 እስከ 4 እጅ ይገባል። ወንድማችን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ለ5 ኪሎ ሙጫ 100 ግራም ጨመረ፤ ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ግማሹን ቀነሰ። የዚህች ከተማ ሌሊት ጤዛ እንዳለውም መርሳት አይገባም። ጣውላው ንጋት ላይ እርጥብ ነው። ስለዚህ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ መጨረስ ነበረብን። በጸደይ ወራት ደግሞ ከበረሃ የሚነሣው አቧራ በእርጥብ ቅብ ላይ ስለሚጣበቅ በዚያ ወቅት መሥራት አይመከርም።

ጥንቃቄው ከዚህ ይበልጣል። የሙጫው ሽታ ብርቱ ነው፤ ሙጫውም አሴቶኑም በቀላሉ በእሳት ይያያዛሉ። እኛ ሻማ፣ ከሰልና ዕጣን ከእጃችን የማይለይ ሰዎች ስለሆንን ይህን ለሁሉም በቃል ነግረን በበሩም ላይ ጽፈን ለጠፍን። እማሆዮቹን ሁለት ሌሊት በጎረቤት ቤት አሳደርናቸው። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይነ ስውር እስከ ማድረግ የሚደርስ ስለሆነ ያለ መነጽር ማንም እንዳይነካው ተከለከለ። የተረፈ የተቀላቀለ ሙጫም በባልዲ ውስጥ እየጋለ ስለሚሄድ ከቤት ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ከንጣፉ ይልቅ ጣራውን የሚያድነው ግን ከንጣፉ በፊት የሚሠራው ነው። ጠፍጣፋ የሚባለው ጣራ በእውነት ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ እያለ መውረድ አለበት። የእኛ ጣራ በ4 ሜትሩ በኩል ስለሚያፈስስ ከፍታው በአንድ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ወራጆቹ ላይ ተዳፋት እንጨት ተቸነከረ። የዓመቱ ዝናብ በዚህች ትንሽ ጣራ ላይ ብቻ ሲሰላ ከ13,000 ሊትር በላይ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ አሸንዳ ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠልና በእርግብ ላባ ከተደፈነ ከሁሉ የተሻለው ንጣፍም ኩሬ ይሸከማል። 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ብቻ ቢቋጠርበት በ24 ካሬ ሜትር ላይ 1,200 ኪሎ ክብደት ነው። በዚህ አገር የአርማታ ጣራ ከታደሰ በኋላ ውኃ ሞልቶ ለሦስት ቀን በማቆየት ይፈተናል። በእንጨት ጣራ ላይ ግን ይህ ፈተና አይደረግም፤ በጎማ ቱቦ ውኃ እያፈሰሱ መመልከት ይበቃል።

ጣራና ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ንጣፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ መውጣትና ጫፉ በግድግዳው ውስጥ መሸፈን አለበት። ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳም እንዲሁ ዙሪያው በክር ይታሰራል። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እግሮችን ንጣፉን በስቶ በቡሎን ማሰር ከብዙ ቤት ማፍሰስ በስተጀርባ ያለ ነገር ነው። የእኛን ማሞቂያ ከእንጨቱ ጣራ አንሥተን ወደ አርማታው አዛወርነው፤ በዚያም በከባድ የኮንክሪት መቀመጫ ላይ ቆመ።

የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በኅዳር ጣለ። ውኃው በአሸንዳው ወረደ፤ አልጋዎቹም አልተነሡም። በጥር ግን በአንዱ ማዕዘን ጥቁር እርጥበት ታየ፤ ሁላችንም ደነገጥን። ወንድማችን በስልክ ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናትም ይኖር እንደሆነ ጠየቀን። ይኖር ነበር። ክፍሉ በብርድ ጊዜ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ በውስጡ ሻይ ይፈላል፤ ሦስት ሰው ይተነፍሳል፤ ልብስም ይደርቃል። እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ማዕዘን ወጥቶ ውኃ ይሆናል። በግድግዳው ላይ ሁለት የአየር መውጫ ቀዳዳ ከተከፈተና ማንቆርቆሪያው ወደ ወጥ ቤት ከተዛወረ በኋላ ማዕዘኑ ደረቀ። ከጣራው በላይ የሚቀመጠውን ሙቀት መከላከያ በገንዘብ እጥረት በዚህ ዓመት አላስገባንም። አዲስ ቤት የምትሠሩ ግን ከጣውላው በላይና ከንጣፉ በታች እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው አስቡበት። በኋላ ለማስገባት ሁሉን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ባለሙያ ለመቅጠር የምታስቡ ሁሉ ከዋጋው በፊት እነዚህን ጠይቁ። ጣውላው መድረቁን በምን ታረጋግጣለህ? የበሰበሰ ወራጅ ቢገኝ ማን ይከፍላል? ተዳፋቱ በሜትር ስንት ነው? ክሩ ስንት ግራም ነው? በሥራው መካከል ዝናብ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? ከሦስት ዓመት በፊት የሠራኸውን ጣራ ማየት እንችላለን? ለእነዚህ የማይሰለች ሰው ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ይመረጣል። አዲስ አበባ የምትሠሩ ደግሞ የዚያች ከተማ ዝናብ ከዚህ እጥፍ የሚያህል መሆኑን አስታውሱ። ቦታው ከፈቀደ ደህና ተዳፋት ያለው የቆርቆሮ ክዳን በቀላሉ ይጠገናል፤ ጠፍጣፋውን የግድ ለሚፈልግ ቤት ብቻ ተዉት።

በዚህ ዓመት ለፋሲካ የመጣችሁ እንግዶቻችን በአሮጌ ፍራሽ አድራችኋል። አንዳንዶቻችሁም ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁን ነበር፤ ምክንያቱ ይህ ነው። እማሆዮቹ ክረምቱን በአንድ አልጋና በአንድ ቦታ አሳልፈዋል፤ ባልዲ የሚቀይረው ዲያቆንም ወደ ሌሊቱ ማኅሌት ተመልሷል። ለፍራሹ የተቀመጠው ከተተካ በኋላ የመጀመሪያው ግዢ እርሱ እንዲሆን ተስማምተናል። እስከዚያው በየዓመቱ ከመስቀል በፊት አንድ ሰው ወጥቶ አሸንዳውን እንዲጠርግና ጠርዞቹን በእጁ እየዳሰሰ እንዲመረምር ተመድቧል። እናንተም በየቤታችሁ ሰማዩ ገና ሳይደምን እንዲሁ እንድታደርጉ እንመክራለን።